የአያቴን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት

የመጀመሪያውን የጻፍኩት መኪና ውስጥ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር ባለው መንገድ ላይ፣ በስልኬ። አያቴ ማታ አርፋ ቀብሯ በማግስቱ ነበር። አጎቴ ደውሎ «መቼም አንቺ ተምረሻል፣ የሕይወት ታሪኳን አዘጋጂ» አለኝ። አዘጋጀሁ። የምታውቁት ዓይነት ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወ/ሮ እገሊት በ1920 ዓ.ም. በመንዝ ተወለዱ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ትዳር ያዙ። ሰባት ልጆች አፈሩ። በሙያቸው የቤት እመቤት ነበሩ። ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ስሙን ቀይራችሁ ለጎረቤቷ ብታነቡት ይሠራል።

ቅጥሩ ውስጥ ሲነበብ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ሰማ። ማንም አላለቀሰም። ከቀብር መልስ ግን ደጃፏ ላይ እንደደረስን አንዲት የመንደሯ አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ወጡና እንዲህ አሉ፦

ጦስኙም አበበ፣ ሜዳው ሽቱ ሆነ፤
የሚለቅመው እጇ ባፈር ተሸፈነ።

ትንሽ ቆዩና ደግሞ፦

ማውጌውን ለበልግ አስቀምጣ ለዘር፣
ቀድማው ተዘራች ከሚካኤል አፈር።

ያኔ ደጁ በለቅሶ ተናጠ። አጎቴ፣ ያ ድንጋይ የምንለው ሰውዬ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ አፈርኩ። ሴትዮዋ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። በአራት ስንኝ ግን እኔ በተማርኩት ሁሉ ያልነካሁትን ነኩት። ጦስኝ እንደምትለቅም አውቅ ነበር። ሻዩን ከልጅነቴ ጀምሮ ጠጥቼዋለሁ። ማውጌ የሚባለውን ገብስ ለይታ እንደምታስቀምጥም አውቃለሁ። የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ስልክ ተደውሎ «አንቺ አዘጋጂ»፣ «አንተ አዘጋጅ» ለምትባሉ ነው። ይልቁንም እናቱ ወይም አያቱ ዛሬ በሕይወት ላለችለት ሰው።

አርባ ቀን ነበረኝ። ለተዝካሯ ሌላ እንደምጽፍ ለአጎቴ ነገርኩት። «ሁለት ጊዜ ይነበባል እንዴ?» አለ። አላውቅም፣ አልኩት፤ የእሷ ይነበባል።

ቁጭ ብዬ ስጀምር መጀመሪያ የጻፍኩት «ተፈጥሮ ወዳድ ነበረች» የሚል ነው። ወዲያው ሰረዝኩት። ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር። እምዬ ዘንድ ተፈጥሮ የሚባል ነገር የለም። ጓሳ አለ፣ ጨረንፌ አለ፣ ጅብራ አለ፣ ውርጭ አለ። ሁሉንም በየስማቸው ታውቃቸዋለች። ከአንዳንዶቹ ጋር ትጣላለች፣ ከአንዳንዶቹ ጋር ታወራለች። ጭላዳ ገብሷ ውስጥ ሲገባ «አንተ ባለ ካባ፣ ውጣ!» እያለች ነበር የምታባርረው። ወንዱ ጭላዳ ትከሻው ላይ ያንን ትልቅ ጎፈር ስለሚደርብ ባለ ካባ ትለዋለች። እኛ ልጆቹ ወንጭፍ ይዘን ስንጠብቅ ልጅ ያዘለችውን እንድንመታ አትፈቅድም ነበር። «እሷም እናት ናት» የሚል ስብከት ግን ከአፏ አልወጣም። «ያዘለችውን የመታ እራቱን አይበላም» ነው የምትለው። አይበላምም።

ቀይ ቀበሮንም ትወደው ነበር። «የሜዳ ድመቴ» ትለዋለች። አይጥና ፍልፈል ስለሚበላላት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡና የትም ሌላ አገር እንደሌሉ አንድ ጊዜ ነገርኳት። ብዙም አልደነቃትም። «ታዲያ ሌላ ቦታ ምን ሊሠራ ይሄዳል?» አለች።

አገሯን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው። በደብረ ብርሃን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፋችሁ፣ ወደ መሐል ሜዳ ስትሄዱ። ጓሳ የሚባለው ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ይነሣል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ዝናብ የሚከለክለው ገሳ ይሠራበታል። ድሮ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። የአገሩ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘር የሆነ ሁሉ ተስማምቶ ሜዳውን ይዘጋዋል፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ማጭድ አይነካውም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሁሉም ያጭዳል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው ይባላል። አሁንም የአካባቢው ሰው ራሱ የሚጠብቀው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

እምዬ ስለ ቀሮ ስታወራ ድምፅዋ ይቀየር ነበር። ሲከፈት የነበረውን ቀን እንደ ጥምቀት ነው የምትነግራችሁ። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ላላ። እሷ በአንድ አፍ ጨርሳዋለች፦ «መሬቱን ለሁሉ ሰጡት። ጓሳውን ለማንም አልሰጡትም፤ ማንም ወሰደው።» ስለ አዋጁ ከተጻፈው ሁሉ እሷ ያለችው ይበልጥ ገብቶኛል።

አሁን ወደ ስሕተቶቼ ልመለስ።

ትልቁ «የቤት እመቤት» የሚለው ነው። መታወቂያዋ ላይ እንደዚያ ይላል፣ እኔም ገለበጥኩት። ሴትዮዋ ግን መቼ ቤት ተቀምጣ? አረም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች። ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ እንጨት በሌለበት ብርድ አገር ያለ ኩበት ምጣድ አይሰማም። የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ባናውንና ዝተቱን የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው፣ ፈትሉ ግን የሴቶቹ ነው። ወፍጮ ቤት ከመምጣቱ በፊት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ በድንጋይ ትፈጭ ነበር። እንቁላሉንና ቅቤውን ገበያ አውጥታ ጨውና ጌሾ ገዝታ ትመለሳለች። ሞፈር ስላልጨበጠች ብቻ ገበሬ አትባልም። ባሏ ይባላል። አብረው ከአንድ ማሳ ወጥተው እሱ ገበሬ፣ እሷ የቤት እመቤት። በሁለተኛው ጽሑፍ «ገበሬ ነበረች» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ከወንዶቹ መሃል አንዱ ሳቅ አለ። ሴቶቹ ግን አልሳቁም።

እናንተም ስትጽፉ ሙያ ከሚለው ይልቅ ቀኗን ጻፉ። ስትነቃ ምን ትሠራለች? ቀጥሎስ? እስክትተኛ ድረስ። አንድ የበልግ ቀን፣ አንድ የመኸር ቀን ይበቃል። ለእኔ የነገሩኝ ምራቶቿ ናቸው፤ እኔ የልጅ ልጅ ሆኜ እንግዳ ነበርኩ፣ ገና ሳልነቃ ሥራው አልቆ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ዓመቱ ነው። 1920 ከየት መጣ? መታወቂያ ሲወጣላት ጸሐፊው በግምት የሞላው ነው። ስንት ዓመትሽ ነው ስትባል «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ የተማርከው ታውቅ እንደሆን» ብላዋለች አሉ። ያገሬ ሰው ዕድሜ በቁጥር ሲጠየቅ እንዲሁ ነው። በነገር ስትጠይቁት ግን ልቅም አድርጎ ይነግራችኋል። እሷ ራሷ በጣልያን ጊዜ እናቷ አዝላት ዋሻ እንደገባች፣ ጡት እየጠባች እንደነበር ብዙ ጊዜ አውርታለች። ጣልያን የነበረው ከ1928 እስከ 1933 ነው። በዚያ ላይ ታላቅ ወንድሟ ያኔ ጥጃ ይጠብቅ ነበር ይባላል። ስለዚህ በ1928 ወይም በ1929 ግድም ነው የተወለደችው። ጽሑፌ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ አስረጅቻት ነበር!

እንዲህ ዓይነት ችካሎች አሉን። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ፣ 1933። የታኅሣሥ ግርግር፣ 1953። የወሎ ድርቅ፣ 1965 እና 66። አዋጁ፣ 1967። የመሠረተ ትምህርት፣ 1971። ሰባ ሰባት። ደርግ ሲወድቅ፣ 1983። «መቼ አገባሽ?» አትበሉ። «ስታገቢ ማን ነበር የሚገዛው? የመጀመሪያ ልጅሽ በአዋጁ ጊዜ ምን ያህል ነበር? ይሄዳል? ከብት ይጠብቃል?» በሉ። መልሱን ወረቀት ላይ መሥመር አስምራችሁ ስትደረድሩት ልጆቹ ሁሉ በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። አጎቴ በዚህ ዘዴ ዕድሜው በሦስት ዓመት ጨመረ። እስካሁን አላመነም።

ታዲያ ይህን ሁሉ በሕይወት እያለች ለምን አልጠየቅሽም ትሉ ይሆናል። ጠይቄያለሁ። ግን አልቻልኩበትም።

ከመሞቷ ሁለት ዓመት በፊት ስልኬን ፊት ለፊቷ አስቀምጬ «እምዬ፣ ስለ ሕይወትሽ ንገሪኝ» አልኳት። ወዲያው ቀና ብላ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሻሿን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የቅድመ አያቷን ስም ቆጠረችልኝና ዝም አለች። «ሌላስ?» አልኳት። «ሌላ ምን አለ? ወለድኩ፣ አሳደግሁ» አለች። አራት ደቂቃ።

በማግስቱ ምንም ሳላስብ አጠገቧ ተቀምጬ እንዝርት አስጨበጠችኝ። ክሬ ይበጠሳል፤ እሷ ትቀጥልልኛለች፤ መልሶ ይበጠሳል። እንዲህ ስንል ሳላስበው ወሬው መጣ። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል። ዓይን ለዓይን አትተያዩም፣ ዝምታው አያስጨንቅም፣ ክሩ ሲበጠስ ወሬውም ትንሽ ያርፋል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሰማሁትን ያህል በሌላ ጊዜ ሁሉ አልሰማሁም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ቃለ መጠይቅ አታድርጉ። ቡና ሲለቀም፣ ጎመን ሲቀነጠስ፣ ሽሮ ሲዘጋጅ አጠገቧ ሁኑ። የምትሠራውን ባትችሉት ይሻላል። የማይችል ሰው ማስተማር ደስ ይላቸዋል።

ለመቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። እኔ አስፈቅጄ፣ እንዳይረብሻት ብዬ ስልኩን ፈትሉ ያለበት ሙዳይ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የበግ ጠጉር ሲንሿሿ ቀድቻለሁ። የእሷ ድምፅ በሩቁ እንደ ንብ ይሰማል። ጠንካራ ነገር ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስቀምጡት። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቀድታችሁ ስሙት። ይህን ሳላደርግ የቀረሁበት ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

የማይጠየቅ ጥያቄም አለ። «ስንት ልጅ ወለድሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። እንዝርቷን አቆመች። መልስ አልሰጠችኝም፤ ተነሥታ እሳቱን ቆሰቆሰች። እኔ ሰባት መሆናቸውን ስለማውቅ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ከወራት በኋላ ራሷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ዘጠኝ ናቸው። ሰባቱን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ» አለችኝ። የሁለቱን ስም ነገረችኝ። አንዱ በኩፍኝ፣ አንዷ በወለደቻት ሳምንት። የቀብሩ ጽሑፍ ላይ ግን ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ለምን? ሁሉም ሰባት ስለሚል። በተዝካሩ ዘጠኝ ተብሎ ተነበበ፤ ስማቸውም ተጠራ። ትልቋ አክስቴ የሁለቱን ስም ከሃምሳ ዓመት ወዲህ በሰው ፊት ሲጠራ ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

አሁን ወደ ማውጌው።

መንዝ ገብስ ነው። በልግ ከዘነበ ሰው ይኖራል፣ ካልዘነበ ይቸገራል። ዘንቦም ውርጭ ሊመታው ይችላል። እምዬ አንድ ዓይነት ገብስ ዘርታ አታውቅም። ማውጌ አላት፣ ጠመዥ አላት፣ ሰነፍ ቆሎ አላት። ሰነፍ ቆሎ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ብዙ ሳይፈተግ ይቆላል፤ ሰነፍም ብትሆን አያቅታትም ለማለት ነው ስሙ። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ምርጥ ምርጡን ዛላ ከአውድማው አስቀድማ ታወጣና በየቅሉ አድርጋ ከእሳቱ በላይ ትሰቅለዋለች። ጭሱ ነቀዝ አያስጠጋም።

የሰባ ሰባቱን ነገር የነገረኝ አጎቴ ነው። እሷ አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚበላ አልቆ ጎመንና የዱር ቅጠል ነበር የሚበሉት። ቅሉ ግን እንደተሰቀለ ነው። ልጆቹ ተኝተው እያዩት ያድራሉ። አንድ ቀን አጎቴ በርጩማ ላይ ቆሞ ሊያወርደው ሲል ደረሰችበት። እጁን መታችው። በሕይወቷ የመታችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አቅፋው አለቀሰች፤ ግን ቅሉን አላወረደችም። ዝናቡ ሲመለስ በመንደሩ ውስጥ የራሱ ዘር የነበረው ሦስት ቤት ነው። አንዱ የእሷ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ በጣሳ በጣሳ እየሰፈረች ሰጠች፤ ሙሾ ያወረዱት አሮጊት ቤት የሚዘራው ማውጌ ከዚያ የመጣ ነው።

አጎቴ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር የጀመረው። መሃል ላይ ሳቁ ጠፋ። «ብበላው ኖሮ…» አለና ተወው። እኔ ይህን ታሪክ በጽሑፉ ላስገባ ወይ አላስገባ ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። የተራበ ልጅ እጅ የመታች እናት። አንዳንዱ ጨካኝ ነበረች ይል ይሆናል። አጎቴን ጠየቅሁት። «አስገቢው። እሷ እሱ ናት» አለኝ። ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ብቻ መጻፍ ልማዳችን ነው። እኔ ግን የሚከብደውን ነገር ባለቤቱ ከፈቀደ አስገቡት እላለሁ። ባለቤቱ ካልፈቀደ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

ጥቂት ትናንሽ ነገሮች አሉ፣ በኋላ የሚያስጨንቁ። አንደኛ፣ የክርስትና ስሟን እወቁ። ለፍትሐቱ ካህኑ የሚጠይቁት እሱን ነው። ሰባት ልጅ ቆመን የሚያውቅ ጠፋ! የነፍስ አባቷ ባይኖሩ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ዛሬ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ ፎቶ። እምዬ ፎቶ የላትም ብለን ነበር፤ በመጨረሻ የተገኘው የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ነው። በአማራ ክልል ያ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፍበት ነበር። እዚያ ላይ ከባሏ ጎን ቆጣ ብላ ታያለች። ካሜራ ያዩት በዚያ ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ደብተሩ ላይ ስሟ አለ። ከአዋጁ በፊትም ቢሆን በአባቷ ርስት የራሷ ድርሻ ነበራት፤ በርስት ሥርዓት ሴትም ትወርስ ነበርና። የቀብሩ ጽሑፌ ላይ መሬት የባሏ ብቻ ነበር።

ሌላው አንቱታው ነው። ይህን ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። «ተወለዱ፣ አፈሩ፣ ዐረፉ» ስል እምዬን አላየኋትም፤ አንዲት የማላውቃት ወይዘሮ ነች። ሁለተኛውን መጀመሪያ በ«አንቺ» ጻፍኩት፣ ለእሷ እንደምጽፍ ደብዳቤ። ለንባብ ስሰጠው ወደ «እሳቸው» መለስኩት፣ ካህናት ባሉበት ነውር እንዳይሆን። ግን መጀመሪያ በአንቺ ስለተጻፈ ሥጋው ቀረ። ሞክሩት።

ተዝካሩ ደረሰ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ፣ አጎቴ «ረዘመ» አለ፣ ተነበበ። አንድ ነገር ብቻ ከመነበቡ በፊት ተቆረጠ። ስለ ጅብራ የጻፍኩት ነበር። ጅብራ እዚያ ሜዳ ላይ ዓመታት ቆይቶ፣ ከሰው ቁመት በላይ ተመዞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። እምዬ ሲያብብ ለማየት መንገድ አቋርጣ ትሄድ ነበር። እኔም ሕይወቷን ከጅብራ ጋር አመሳስዬ መጨረሻው ላይ ቆንጆ አድርጌ አስገባሁት። የመሰለኝን ያህል ቆንጆ ነበር። ትንሿ አክስቴ አነበበችና «አንዴ ብቻ? እናቴ ዘጠኝ ጊዜ አብባለች» አለች። ወጣ።

የሰዓቱ ነገር ግን ገባ። ቤቷ ግድግዳ ላይ አጎቴ የገዛው ሰዓት አለ፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፣ ማንም አልቀየረውም። እሷ የምትለው «ጭላዳ ገደል ሳይገባ ውኃ ቅጂ» ነው። ጭላዳ ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ይውልና ሲመሽ ለማደር ወደ ገደሉ ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣል። ያ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ከተዝካሩ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ወደ ገደሉ ዞር አሉ። ስምንት ሰዓት ነበር፤ ገና ሜዳው ላይ ነበሩ።

አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶኛል። ከመሞቷ በፊት በነበረው መስከረም አብሬያት ሜዳ ወጥቼ እሷ የምታሳየኝን ቅጠል ሁሉ እየቆረጥኩ አሮጌ ጋዜጣ መሃል አስቀምጬ ነበር። ይህንንም አድርጉ፣ ቀላል ነው። ጋዜጣ፣ ከላይ ከባድ ነገር፣ እርጥበቱን እስኪጨርስ ጋዜጣውን እየቀየሩ። ጎኑ ላይ የተገኘበትን ቦታና ቀኑን፣ እሷ ያለችውን ስም፣ ለምን እንደሚሆን። ለሆድ ቁርጠት፣ ለጭስ፣ ለጠላ ማጠኛ፣ «ለምንም፣ ያምራል»። ይህ የመጨረሻው መልስ አሥራ አንዱ ላይ ተጽፏል። ሃያ ሦስት ቅጠል ነው በጠቅላላው። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ተለይተው የሚቀመጡበት ቤት፣ ወስጄ አሳየኋቸው። አብዛኞቹን ወዲያው አወቋቸው። አንዲት ደቃቃ፣ ነጭ አበባ ያላት፣ ድንጋይ ሥር የምትበቅል ነበረች። የሳይንስ ስሟን ጻፉልኝና «የአካባቢው ስም ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ጋዜጣውን ገለጥኩት። በእኔ እጅ ጽሑፍ «ነገ እነግርሻለሁ ብላለች» ይላል።